ከዝናቡ ቀድሞ የሚመጣው ነፋስ

በሚያዝያ ወይም በግንቦት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ፊታችሁን ሲመታው ታውቁታላችሁ። በሮች ይላተማሉ፣ አቧራውና ላስቲኩ ከመንገድ ይነሳል፣ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ ይርገበገባል። የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል፣ እናንተ ባላችሁበት ግን አንድም ጠብታ አልወረደም። ያ ነፋስ ከየት መጣ? መልሱን ካወቅሁ ወዲህ ሰማይ በጠቆረ ቁጥር በሌላ ዓይን ነው የማየው። ዛሬ ላካፍላችሁ የጓጓሁትም እሱን ነው። በአገራችን ጣሪያ የሚገሸልጠው፣ ዛፍ የሚገነድሰው፣ የመብራት ሽቦ የሚበጥሰው ብዙውን ጊዜ ይኸው ከዝናብ በፊት የሚመጣው ነፋስ ነው። አመጣጡ የገባው ሰው ደግሞ ከምን መሸሽ እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ያሞቀችው የምድር አየር ሽቅብ ይወጣል። ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው እርጥበት ወደ ጠብታና ወደ በረዶ ይለወጣል፣ የደመናው አናትም ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሊዘልቅ ይችላል። ጠብታውና በረዶው ሲከብዱ ይወርዳሉ፣ ሲወርዱም አየሩን አብረው ቁልቁል ይጎትቱታል። ከጠብታው ከፊሉ በመንገድ ላይ ይተንና አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ገላውን ታጥቦ ሳይደርቅ ደጅ የወጣ ሰው የሚሰማው ብርድ ያው ነው። የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ይብሱን ቁልቁል ይወረወራል። መሬት ሲደርስ ወደ ታች መሄጃ የለውም፣ ስለዚህ በየአቅጣጫው ተዘርግቶ ይሮጣል። ዝናቡ ገና ከደመናው ሥር እያለ ነፋሱ ብዙ ኪሎ ሜትር ቀድሞ እናንተ ሰፈር ይደርሳል። የአፈሩንም ሽታ ያመጣው ዝናቡ ቀድሞ ካረሰረሰው ቦታ አንስቶ ነው።

ይህን የቁልቁል ነፋስ ለዓለም ያስረዳው ጃፓን ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ የሠራው የአየር ሁኔታ ተመራማሪ ቴትሱያ ፉጂታ ነው፤ ታሪኩን ሳልነግራችሁ ማለፍ አይሆንልኝም። ፉጂታ እ.ኤ.አ. በ1945 የአቶም ቦምብ የወደቀባቸውን ናጋሳኪንና ሂሮሺማን ለጥናት ሄዶ ሲያይ፣ ዛፎቹ ከአንድ መካከል ወደ ውጭ፣ በኮከብ ቅርጽ ተዘርግተው ወድቀው ነበር። ከ29 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ አሜሪካ ውስጥ ከባድ ማዕበል ያለፈበትን አገር በትንሽ አውሮፕላን ሲያስስ ያንኑ የኮከብ ቅርጽ ጫካ ውስጥ አየው። የሚሽከረከር ነፋስ ዛፍን እንዲህ አይጥልም። ከላይ ወርዶ መሬት ላይ የፈረጠ ነፋስ መሆን አለበት ብሎ ጠረጠረ። በዓመቱ፣ ሰኔ 24 ቀን 1975 እ.ኤ.አ.፣ የኢስተርን ኤርላይንስ በረራ 66 ኒው ዮርክ ሊያርፍ ሲል በነጎድጓድ ውስጥ ተከሰከሰና 113 ሰዎች ሞቱ። ፉጂታ የበረራውን መረጃ ሲመረምር ያገኘው ያንኑ የቁልቁል ነፋስ ነበር። ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። ኋላ ግን በራዳር ጥናት ትክክል መሆኑ ተረጋገጠ። ዛሬ አብራሪዎች ለዚህ ነፋስ ይሠለጥናሉ፣ ትልልቅ የአውሮፕላን ማረፊያዎችም የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ አላቸው። የስንት ሰው ሕይወት በአንድ ሰው ጽናት እንደተረፈ አስቡት።

እኛ ቤት መሣሪያ የለም፣ ግን ቆዳችንና አፍንጫችን አሉ። የቀዘቀዘው ነፋስና የአፈሩ ሽታ ሲደርሳችሁ ማዕበሉ ደርሶባችኋል ማለት ነው፤ ያላችሁ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ በየትኛው አካባቢ ነጎድጓዳማ ዝናብ እንደሚጠበቅ ይነግራችኋል። የትኛው ቀበሌ ላይ በስንት ሰዓት እንደሚወርድ ግን ከጠዋት ሊነግራችሁ አይችልም፤ እንዲህ ያለ ደመና ተወልዶ፣ አድጎ፣ የሚያልቀው አንዳንዴ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ነው። ስለዚህ በእነዚያ ደቂቃዎች ልጆቹን ከደጅ ሰብስቡ፣ በሩንና መስኮቱን ዝጉ፣ የቴሌቪዥኑንና የዲሹን ሶኬት ንቀሉ። ልብሱና ሰፌዱ ቢወሰድ ይወሰድ።

መስኮቱን ዝጉ ያልኩት ወጨፎው እንዳይገባ ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ከሁሉ በላይ እኔን የገረመኝ የጣሪያው ነገር ነው።

ግድግዳ ላይ የመጣ ነፋስ መሄጃ ሲያጣ ሽቅብ ይታጠፍና የጣሪያውን ጠርዝ ዘሎ ያልፋል። ጠርዙን ዘሎ ሲፈጥን ከቆርቆሮው በላይ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ቤት ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ከታች ሽቅብ ይገፋል። ቆርቆሮው ከላይ ይሳባል፣ ከታች ይገፋል ማለት ነው። ምን ያህል? ሒሳቡን ሠርቼ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሁት። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 19 ኪሎ ያህል ጉልበት ያሳርፋል፤ በጣሪያው ማዕዘንና ጠርዝ ላይ የሚፈጥረው ስበት የዚህን እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቀጭኑ፣ ባለ 0.2 ሚሊ ሜትር ቆርቆሮ ስንት ይመዝናል? አንዱ ካሬ ሜትር ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም! ጣሪያችሁን ቦታው ላይ ያቆየው ክብደቱ እንዳይመስላችሁ። ያቆየው ሚስማሩ ነው።

ፍጥነቱ ትንሽ ሲጨምር ጉልበቱ ብዙ እንደሚጨምርም እወቁት። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይቀልላታል፤ ግን ነፋሱ በመቶ 15 ያህል ከፈጠነ ያ ሁሉ ቅናሽ ይጠፋል።

አሁን ወደ መስኮቱ እንመለስ። ነፋሱ በመጣበት በኩል መስኮት ወይም በር ክፍት ከሆነ ነፋሱ ቤት ገብቶ ይታመቅና ጣሪያውን ከታች ይገፋዋል። ላይ ያለው ስበት ሳያንስ የታቹ ግፊት ሲታከልበት ሚስማሩ ይሸነፋል። አንዳንድ ሰው መስኮት ቢከፈት ነፋሱ አልፎ ይሄዳል፣ ቤቱም ይተነፍሳል ይላል። ይህ በሌሎች አገሮችም ለብዙ ዓመታት ሲመከር የኖረ ስሕተት ነው፤ እባካችሁ አትከተሉት። ኮርኒስ ያለው ቤት እንኳ በሩ ከተበረገደ አያመልጥም።

ድንጋዩስ? በየሰፈራችን ጣሪያ ላይ የተደረደረውን ድንጋይ፣ አሮጌ ጎማና የብረት ቁራጭ ታዩታላችሁ። አንድ ድንጋይ አምስት ኪሎ ቢሆን ከላይ ባየነው የማዕዘንና የጠርዝ ስበት ሒሳብ ለሩብ ካሬ ሜትር እንኳ አይበቃም፤ ያውም ማዕዘኑ ላይ ሳይሆን መካከሉ ላይ ነው የሚቀመጠው። ቆርቆሮው ሲነሳ ድንጋዩ ተንከባልሎ በአላፊ አግዳሚው ላይ ይወርዳል። ድሃ ቤተሰብ ሌላ አቅም ሲያጣ የሚያደርገው መሆኑ ይገባኛል፤ አንድ ኪሎ የቆርቆሮ ሚስማር ግን ከዚያ ሁሉ ድንጋይ ይበልጣል።

ሚስማሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ብዙው ቤታችን የተሠራው ሳይደርቅ በተቆረጠ ባሕር ዛፍ ነው። እርጥብ እንጨት ላይ የተመታ ሚስማር እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል፤ እንጨቱ ተሸማቅቆ ይሸሸዋል። ቆርቆሮው ደግሞ በቀን ፀሐይ ይሰፋል፣ ሌሊት ይኮማተራል፣ ነፋስ ሲነካው ይንቀጠቀጣል። ዓመት ሁለት ዓመት ሲቆይ የሚስማሩ ራስ ከቆርቆሮው በላይ ብድግ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ቀዳዳው ዙሪያ ቀይ የዝገት ቀለበት ይኖራል፣ ከሥር ኮርኒሱ ላይ ቡናማ የውኃ እድፍ ይወጣል። ያ እድፍ ዝናብ ማስገባቱን ብቻ አይደለም የሚነግራችሁ። እዚያ ቦታ ላይ ጣሪያውን የያዘ ነገር እንደሌለ ጭምር ነው። በነፋስ ቀን ቆርቆሮው ጣጣጣ እያለ የሚጮህበት ማዕዘን ካለም ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው።

አውሎ ነፋስ ዓመት በዓመት በሚያጠቃቸው የካሪቢያን ደሴቶች የሚሰጠው ምክር ለእኛም ይሠራል። በጠርዙ፣ በማዕዘኑና በአናቱ መስመር ላይ ቆርቆሮው በእያንዳንዱ ሞገድ ይመታ፣ በመካከሉ አንድ እየዘለሉ ይመታ። ሚስማሩ የሚመታው በሞገዱ አናት ላይ ነው። ከግድግዳው አልፎ የተዘረጋው የጣሪያ ጠርዝ በረዘመ ቁጥር ነፋስ ከሥር የሚይዘው ቦታ ስለሚበዛ አታርዝሙት። ቆርቆሮው ሞራሌውን ቢይዝ፣ ሞራሌው ግን ከግድግዳው ጋር ካልታሰረ ጣሪያው ከነእንጨቱ ነው የሚነሳው። ስለዚህ አናጢያችሁ ሞራሌውን ከወራጁ፣ ወራጁን ከቋሚው ጋር በሽቦ ጠምዝዞ እንዲያስር ጠይቁት። ከሚስማር በተጨማሪ ሽቦ የገባበት ጣሪያ ብዙ ይታገሣል። ይህ ሁሉ ግን የጥርና የየካቲት ሥራ ነው። ነፋሱ ከተነሳ በኋላ ቆርቆሮ ሊይዝ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ሕይወቱን ይሰጣል፤ ቆርቆሮ ይተካል፣ ሂድ በሉት።

ዛፍን በተመለከተ ብዙ አልላችሁም። ነሐሴ ላይ ምድሩ ሲረሰርስ ሥር የሚይዘው ያጣል፣ በደረቅ ወራት የታገሠው ዛፍ በቀላል ነፋስ ይወድቃል። ወደ ቤት ያዘነበለ፣ ከግንዱ ሥር በአንድ ወገን አፈሩ የተሰነጠቀ፣ ግንዱ የቦረቦረ ዛፍ ካላችሁ ከክረምቱ በፊት አስቆርጡት። ቅርንጫፉ ሽቦ የሚነካ ከሆነ ግን ራሳችሁ አትቁረጡት።

የተበጠሰ ሽቦ መሬት ላይ ካያችሁ ጸጥ ብሎ ስለተኛ አትመኑት፣ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ። ኤሌክትሪኩ በእርጥብ መሬት ላይ እየተሰራጨ ስለሚሄድ በሁለት እግራችሁ መካከል እንኳ የኃይል ልዩነት ይፈጥራል፤ ስትርቁ እግር ከእግር ሳትለያዩ በትንሽ በትንሹ እየጎተታችሁ ሂዱ። ልጅ እንዳይጠጋ አንድ ሰው ይቁምና ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ይደወል። ሽቦው መኪናችሁ ላይ ከወደቀ ኃይሉ እስኪቋረጥ ድረስ ውስጥ ቆዩ። እዚያው ሽቦ ላይ የተያዘ ሰው ካያችሁ ኃይሉ ሳይቋረጥ በእጃችሁ አትንኩት።

ይህ የእኛ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰኔ 29 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ የተነሳ የነጎድጓድ መስመር የራሱን ቀዝቃዛ ነፋስ ከፊቱ እየነዳ በምሽት ዋሽንግተን ዲሲ ደረሰ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ሰፈሮች ነፋሱ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደ፣ ትልልቅ ዛፎች በመኪናና በቤት ላይ ወደቁ። ባለፈበት ሁሉ ከአራት ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው፣ በሰሜን ቨርጂኒያ የ911 ጥሪ ሳይቀር ተቋረጠ። እዚያ የምትኖሩ ወዳጆቼ፣ ከዚህ የምትወስዱት አንድ ነገር ቢኖር መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተርን ቤት ውስጥ፣ ጋራዥም ሆነ በረንዳ ላይ አለማስነሳት ነው። ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት። እኛም ዘንድ በሩ በተዘጋ ክፍል የገባ የከሰል ምድጃ የሚገድለው በዚያው መርዝ ነው።

ከነጎድጓዱ ደመና ከነፋስ ሌላ የሚወርድም አለ፤ መብረቅ። ደመናው ውስጥ በረዶና ጠብታ ሲጋጩ ኤሌክትሪክ ይለያያል፣ ይከማቻል፣ በመጨረሻ አየሩን ሰንጥቆ ይወርዳል። የሚያልፍበት አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፣ የፀሐይ ገጽ ካለው አምስት እጥፍ ማለት ነው። ነጎድጓዱ የዚያ አየር ፍንዳታ ነው። ብልጭታውን ካያችሁ ቁጠሩ፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 30 ሳትደርሱ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፣ የሚቀጥለው ደግሞ እናንተው ዘንድ ሊያርፍ ይችላል። ዝናብ ባልጀመረበት፣ ፀሐይ በሚታይበት ቦታም ይወርዳል። ወደ ሜዳው የምትመለሱት የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ይሁን።

እረኛ ተርፎ ከብቶቹ በሙሉ ሞቱ ሲባል ሰምታችሁ ተደንቃችሁ ይሆናል። ምክንያቱ እጅግ ግልጽ ነው። መብረቅ ዛፍ ወይም መሬት ሲመታ ኤሌክትሪኩ በመሬቱ ላይ ዙሪያውን ይሰራጫል፣ ከመካከሉ በራቀ ቁጥር ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። በሬ የፊት እግሩና የኋላ እግሩ ከአንድ ሜትር በላይ ይራራቃል፤ ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ በፊቱ ገብቶ፣ ልቡን አልፎ፣ በኋላው ይወጣል። ሰው ግን እግሮቹ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ውስጥ ሬንዲር የሚባሉ የብርድ አገር አጋዘኖች ተጠጋግተው እንደቆሙ በአንድ ማዕበል 323ቱ በአንድ ላይ ሞተው ተገኙ። ስለዚህ ሜዳ ላይ መብረቅ ከያዛችሁ ከብቱን አንድ ላይ አታጠጋጉት፣ እናንተም ተራራቁ፣ መሬት ላይ አትተኙ፣ ሁለት እግራችሁን አጋጥማችሁ ቁጢጥ በሉ። ይህም ቢሆን መጠለያ ሲጠፋ ብቻ የሚደረግ ነው።

ብቻውን የቆመ ዋርካ ሥር መጠለል ከሁሉ የከፋ ነው፤ ዛፉን የመታው ወደ እናንተ ይዘላል። ሳር ቤት፣ የላስቲክ ዳስና የአውቶቡስ ፌርማታ ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥሉም። ሚኒባስ መስኮቱ ተዘግቶ ጥሩ መጠለያ ነው፤ የብረት አካሉ ኤሌክትሪኩን በውጭ አዙሮ ወደ መሬት ያወርደዋል። ባጃጅና ጋሪ ግን አይሆኑም። ቀይ ልብስ ይስባል፣ ሞባይል ይስባል ሲባል የሰማችሁ ትኖራላችሁ። የሚስበው ከፍታና ብቻን መቆም ነው፤ ተሰክቶ ቻርጅ እየተደረገ ያለውን ስልክ ግን አትንኩ፤ ገላም አትታጠቡ። በቆርቆሮ ክዳን የጭቃ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ከግድግዳው፣ ከምሰሶውና ከበሩ ራቁ።

የኡጋንዳው ሩንያንያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰኔ 2011 እ.ኤ.አ. በመብረቅ ሲመታ 18 ተማሪዎች ክፍላቸው ውስጥ እንዳሉ ሞቱ። በኋላ ለትምህርት ቤቱ የመብረቅ መከላከያ ተተከለለት፤ ጣሪያው ላይ የቆመ ብረት፣ ከእሱ እስከ መሬት ውስጥ የሚወርድ ወፍራም ሽቦ። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከሁለት ተኩል ምዕተ ዓመት በላይ አስቀድሞ ያሰበው ያንኑ ነው። አብያተ ክርስቲያኖቻችንና ትምህርት ቤቶቻችን ብዙዎቹ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናቸው፣ ሕዝብ ይሰበሰብባቸዋል። ከአጥርና ከቀለም በፊት ይህ ቢታሰብላቸው እመኛለሁ።

መብረቅ የመታውን ሰው ለመንካት የሚፈራ አለ። ገላው ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም፤ ወዲያው ንኩት። ብዙዎቹ የሚሞቱት ልባቸው ስለቆመ ነው። ትንፋሽ ከሌለው ደረቱን መሐል ላይ በሁለት እጅ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል እያሰመጣችሁ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ፤ እርዳታ እስኪደርስ አታቁሙ። ብዙ ሰው አንድ ላይ ከተመታ ከሚጮሁትና ከሚያቃስቱት በፊት የሞተ ወደሚመስለው ሂዱ። የሚጮኸው ይተነፍሳል፤ ዝም ያለው ነው ቶሎ ካልተረዳ የሚያልፈው።

እንግዲህ ልለምናችሁ። ነፋስ በሌለበት አንድ ጠዋት መሰላል አቁማችሁ የጣሪያችሁን አራት ማዕዘኖች ሚስማር እዩ፤ አጠገባችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋዊ ካሉ የእሳቸውንም አናጢው በዚያው እንዲመታላቸው ክፈሉለት።